ውሻው የት ነው?

የኔታ ክንፈሚካኤል በሕይወታቸው የሚፈሩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ወርቅ የሌለው ንግግር። ጅብ አይፈሩም። ጣሊያን ከነመድፉ ቡሬ የገባ ዕለት እንኳ «ይኸ ሰሙ ነው፤ ወርቁ ገና ነው» ብለው ጉባኤያቸውን አላጠፉም። ነገር ግን አንድ ሰው መጥቶ «የኔታ፣ ዛሬ በረደ» ያላቸው እንደሆነ ጭንቅ ይይዛቸዋል። በረደ ሲል ምን ማለቱ ነው? ፍቅር ነው የበረደው? ሃይማኖት ነው? ወይስ ጦርነቱ ሊበርድ ነው? አገላብጠው፣ አገላብጠው ቀና ሲሉ ሰውየው ይንቀጠቀጣል። ብዙ ጊዜ፣ በርዶት ነው።

የቅኔ ቤታቸው ከቡሬ ወደ ወጀት፣ ማለት ኋላ ፍኖተ ሰላም ወደተባለችው ከተማ፣ በሚወስደው መንገድ ዳር ከጊዮርጊስ ደጅ ነበር። ከደምበጫም ይሁን ከዳሞት ደበሎውን ለብሶ የሚመጣ ተማሪ ሁሉ የእሳቸውን ጆሮ ዝና ሰምቶ ነው የሚመጣው። ሌሎች መምህራን ቅኔ ይፈታሉ፤ የኔታ ቅኔ ያልሆነውንም ይፈታሉ። ጎረቤታቸው ፍየሏ ሞታባት ስታለቅስ ከለቅሶዋ ሁለት ኅብር አወጡ ይባላል። ሴትዮዋ ታዲያ ከዚያ ወዲህ እሳት ሊጭር የሚሄድ ተማሪ ሁሉ በር ትዘጋበታለች።

በዚያ ጉባኤ ካለፉት መካከል፣ ካለፉት ሳይሆን ከወደቁት፣ ቢሰጥ የሚባል ልጅ ነበር። የመበለቲቱ የሲሳይነሽ ልጅ ነው። የመጀመሪያ ቅኔውን ይዞ የቀረበ ዕለት በግእዝ «ዝናብ ዘነበ፤ ምድርም ረጠበች» አለ።

«መልካም። ወርቁስ?» አሉ የኔታ።

«ረጥባለች፣ የኔታ።»

«እሷማ ትርጠብ። ምስጢሩን ነው የምልህ።»

«እግሬ ላይ ጭቃ አለ፤ ይዩት።»

ጉባኤው በሳቅ ፈረሰ። የኔታ ግን አልሳቁም። «አንተ ልጅ ጧፍ ነህ» አሉት። «ሰም ብቻ። በርተህ ታልቃለህ እንጂ ከአንተ ወርቅ አይወጣም።» ቢሰጥ ከፍቶት አዲስ አበባ ሄደና የፈረንጅ ትምህርት ቤት ገባ። እዚያ «ይህ ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁት። «ወንበር ነው» አለ። ጎበዝ አሉት። ዕድሜውን ሙሉ ሲፈልገው የነበረው ትምህርት ይኸ ነበር።

ጣሊያን ሲገባ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፤ ቢሰጥም አንድ የሸክላ ማጫወቻና አንዲት ሸክላ በአህያ ጭኖ ወደ እናቱ ቤት ተመለሰ።

ነገሩ የፈላው በ፲፱፻፴፪ ዓ.ም. በዐቢይ ጦም እኩሌታ ነው። ሲሳይነሽ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ እየተንሰቀሰቀች፣ ከቅኔ ቤቱ ደጅ ደረሰች።

«የኔታ፣ ልጄን ሊሰቅሉብኝ ነው!»

የኔታ ዓይናቸውን ጨፈን አደረጉ። መስቀል፤ ኅብር አለው…

«የኔታ! ቅኔ አይደለም!»

«እሺ፣ እሺ። ማነው የሚሰቅለው?»

ነገረቻቸው። ያቺ ሸክላ የእንግሊዝኛ ማዳመጥ መለማመጃ ናት። አባት፣ እናትና ቶም የሚባል ተማሪ ልጃቸው በውስጧ ስለ ቤታቸው ያወራሉ። ጨዋታቸው ሲያበቃ አንዲት ሴት ስለሰማኸው ነገር ትጠይቅሃለች፤ ለመልስ ዝም ትላለች፤ ከዚያ ትክክለኛውን መልስ ራሷ ትናገራለች። ቢሰጥ ትምህርት ቤቱ እስኪከፈት ጆሮው እንዳይዝግ ብሎ ጠዋት ጠዋት ይህችኑ እየከፈተ ይለማመዳል። ባንዳ ሆኖ ለጣሊያን ያደረው ጎረቤታቸው አድማሴ ደግሞ ጠዋት ጠዋት አጥር ሥር ማዳመጥ ይለማመዳል።

አድማሴ ቡሬ ምሽግ ድረስ ሮጦ ለምሽጉ አዛዥ ለጣሊያኑ ካፒቴን «ጌታዬ፣ ልጁ ከሸክላ ጋር ይነጋገራል» አለ። አስተርጓሚው ቸኮለ፣ ስሙን የሚመስል ሰው ነበርና፣ «ከእንስራ ጋር ይነጋገራል» ብሎ ተረጎመው። ካፒቴኑ ሰካራም ይሆናል ብሎ ሊተወው ነበር። አድማሴ ግን አልለቀቀም። «እንግሊዙ ከሳጥን ውስጥ ይጠይቀዋል፣ ጌታዬ። ልጁ ወሬውን ይነግረዋል። እንግሊዙ ደግሞ እንዳይረሳው ይደግመዋል!»

ካፒቴኑ በወጣትነቱ ለንደን ሆቴል ውስጥ ሳህን ያመላለሰ ሰው ነውና እንግሊዝኛ ይሰማል። ሸክላዋን ከነባለቤቷ አስመጥቶ አዳመጣት። «ይህ አባቴ ነው። አባቴ ከሥራ መጣ።» ጥርጣሬው የጀመረው እዚህ ላይ ነው። ለንደን ሲኖር እንዲህ የሚነጋገር እንግሊዝ አላጋጠመውም። አባቱን በአባቱ ፊት «ይህ አባቴ ነው» ብሎ የሚያስተዋውቅ ልጅ በየት አገር አለ? ይባስ ብሎ የቶም እናት «ወንድሜ ጆርጅ ቅዳሜ ይመጣል» ትላለች። የእንግሊዝ ንጉሥ ስሙ ማነው? ጆርጅ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

«ቢሰጥ ‹ጌታዬ፣ ትምህርት ነው፤ ከቃሉ በቀር ምንም የለበትም› ቢላቸው» አለች ሲሳይነሽ፣ «ያ አድማሴ ምን አለ መሰልዎት? ‹ጎጃሜ እንደምን አደራችሁ ሲል እንኳ ሁለት ፍቺ አለው። የኔታ ክንፈሚካኤል ይጠሩ። ወርቅ ካለበት እሳቸው ሳያወጡት አይውሉም› አለ።»

የካፒቴኑም ፍርድ እንዲህ ሆነ። በገበያ ቀን፣ በሕዝብ ፊት፣ የኔታ ሸክላዋ የምትለው ተተርጉሞላቸው ይሰማሉ፤ ጥያቄዎቿንም ይጠየቃሉ። ሸክላዋ እንደምትመልሰው ከመለሱ፣ ነገሩ በእርግጥ የተማሪ ትምህርት ነው፤ ቢሰጥ ወደ ቤቱ ይሄዳል። የኔታ ምስጢር ካወጡለት ግን ምስጢር አለበት ማለት ነው፤ ቢሰጥ ወደ መስቀያው ዋርካ ይሄዳል።

እውነት ለመናገር የኔታ በመጀመሪያ የተሰማቸው ፍርሃት አልነበረም።

«‹ሳያወጡት አይውሉም› አለ? በዚህ ቃል?»

«የኔታ!»

«አይ፣ እንዲያው ነው።»

ሲሳይነሽ እግራቸው ላይ ወደቀች። «አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን ብቻ፣ እንደ እኛ ፊደል እንዳልቆጠርነው ይስሙ። ላም ሲባሉ ላም፣ ውኃ ሲባሉ ውኃ።»

«ተነሺ፣ ተነሺ። ይኸ ምን ይከብዳል?» አሉ የኔታ።

ሲሳይነሽ በሰው ቃል ብቻ የምትተማመን ሴት አልነበረችም። እንባዋን ጠረገችና ደጃፉ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ተማሪዎቹ ደበሏቸውን እየሰበሰቡ ዙሪያውን ያዙ፤ መምህራቸው ሲጠየቁ አይተው አያውቁም።

«ላሜ በረት ገባች» አለች። «ላሜ የት ናት?»

የኔታ ጺማቸውን አሻሹ። «ገባች ነው ወይስ ገባት? ገብቷት ከሆነማ…»

«በረት ናት!»

«እሷማ በረት ናት። ነገር ግን…»

«ነገር ግን የለም። በረት ናት ይበሉ።»

«በረት ናት» አሉ፣ ኮሶ እንደጠጣ ሰው ፊታቸውን አጨማደው፤ «ይላል ሰሙ።»

«‹ይላል ሰሙ› አይጨመርም! እንደገና። አማቴ ትናንት ሳትጠራ መጣች። ማን መጣች?»

«ሞት።»

ተማሪዎቹ አጨበጨቡ። ሲሳይነሽ ደረቷን መታች። «ልጄን ገደሉት! በሁለት ጥያቄ ገደሉት!»

ከተማሪዎቹ አንዱ፣ ደፋሩ፣ ራቅ ብሎ ቆመና «የኔታ፣ መልሱ ሲጠፋብዎ ቢሰጥ ምን ይል ነበር ብለው ያስቡ» አለ። «ለአንድ ቀን ጧፍ ይሁኑ።»

የኔታ መቋሚያቸውን አነሱበት፤ ቆይቶ ግን ምክሩ አልጠፋቸውም። የቆቅ ለማዳ የላትም ቢሉም ለመዱ። ዶሮዋ ምን ጣለች? እንቁላል። ዝናቡ መቼ ዘነበ? ማታ። አንዳንዴ «ማታ» ብለው በዓይናቸው ጥቅሻ ይጨምሩበታል፤ ሲሳይነሽ ያንንም ከለከለቻቸው። በመጨረሻ ድምፅዋ ሰለለ፤ የምትጠይቀውም አለቀባት።

«ልጄን አስረውታል» አለች። «ልጄ የት ነው?»

የኔታ እንደ ልማዳቸው ቃሉን ገለጥ አድርገው ሥሩን አዩት። ምንም የለም። እንደገና አዩት።

«እስር ቤት ነው» አሉ ቀስ ብለው።

«አዎ» አለች ሲሳይነሽ። «እንዲህ ነው የሚሰማው።»

የገበያው ቀን ቡሬ ጢም ብላ ሞላች። የጤፍ ነጋዴው ጆንያውን፣ በርበሬ ሻጯ ቁናዋን ትታ፣ ገበያተኛው ሁሉ ምሽጉ ፊት ተሰበሰበ። ካፒቴኑ ዋርካው ጥላ ሥር ጠረጴዛ አስወጥቶ ተቀምጧል፤ ጠረጴዛው ላይ የሸክላ ማጫወቻው፣ በስተግራ ቸኮለ፣ በስተቀኝ ቢሰጥ እጁን የፊጥኝ ታስሮ። ገመዱ ከወዲያኛው ቅርንጫፍ ተንጠልጥሏል። ፀሐዩ የመጋቢት ፀሐይ ነበር፤ ጥላው ደግሞ ለሹምና ለእስረኛ እንጂ ለባንዳ አልበቃም። አድማሴ ታዲያ ብልሃተኛ ነውና ኩርምት ብሎ ግማሽ ገላውን ከጠረጴዛው ሥር ከካፒቴኑ ጫማ አጠገብ አስጠጋ።

ሸክላዋ ዞረች። እንግሊዝኛው ለየኔታ ጆሮ ምጣድ ላይ የሚፈነዳ ሽንብራ ነበር። ካፒቴኑ እያቆመ ወደ ጣሊያንኛ መለሰው፤ ቸኮለ እየተጣደፈ ወደ አማርኛ፦

«አባት ከሥራ መጣ። ጦም የት ነው? አለ።» ቸኮለ ‹ቶም› ማለት አልሆነለትም። «እናት ‹ጦም ክፍሉ ገብቷል፤ የቤት ሥራ ይሠራል። ወንድሜ ጆርጅ፣ ጊዮርጊስ ማለት ነው፣ ቅዳሜ ይመጣል። ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ተቀመጥ› አለች። ውሻውም ከጠረጴዛው ሥር ተኝቷል።»

የኔታ ላብ ላብ አላቸው። ጦም ገብቷል! በዐቢይ ጦም እኩሌታ! የቤት ሥራ ይሠራል፤ ወንድ ልጅ የቤት ሥራ ሲሠራ የት ታየ? ቤት አገር ነው፤ አገሩን እየሠራ ነው! ደግሞ ጊዮርጊስ፣ የደብራቸው ታቦት፣ በነጭ ፈረሱ፣ ጦሩን ሰብቆ፣ ዘንዶውን ሊወጋ በቀዳሚት ሰንበት… ኧረ ይኸን የቆጠረ መምህር ማነው? እንዲህ ያለ ባለቅኔ ለንደን ቁጭ ብሎ እኛ ቡሬ ላይ ቅኔ እናውቃለን እንላለን! ከጉሮሯቸው እስከ ጥርሳቸው ወርቅ ሞልቶ ሊፈስ ሆነ። ከንፈራቸውን ነከሱ።

የሴትዮዋ ድምፅ መጣ።

«ቶም የት ነው?» ተረጎመ ቸኮለ፣ አሁን ካፒቴኑ አርሞት።

የኔታ አፋቸውን ሲከፍቱ ሲሳይነሽን አዩ። በከንፈሯ ብቻ «በረት» አለቻቸው።

«በረት… ክፍሉ ውስጥ» አሉ።

«በረት ነው ክፍል?» አለ ካፒቴኑ።

«ላም በረት፣ ልጅ ክፍል።»

ቸኮለ ላሟን ለመተርጎም ጊዜ አልነበረውም፤ «ክፍል» ብቻ አለ። ሸክላዋም ክፍሉ ውስጥ ነው አለች። ሲሳይነሽ ተነፈሰች።

«ምን ይሠራል?»

«የቤት ሥራ።»

ሸክላዋ ተስማማች።

«ቅዳሜ ማን ይመጣል?»

ካፒቴኑ ሸክላዋን በጣቱ አቆማትና ወደ ፊት ዘንበል አለ። የጊዮርጊስ ደጅ መምህር በጊዮርጊስ ስም እንዲህ ያለ ዕድል ደግሞ መቼም አያገኙም። «ጊዮርጊስ» ከሚለው የመጀመሪያው ፊደል ምላሳቸው ላይ ደረሰ። ወደ ቢሰጥ ዞሩ። ቢሰጥ አይለምንም፣ አይጠቅስም፤ ዝም ብሎ ያያቸዋል፤ ያን ጊዜ «ጭቃ አለ፤ ይዩት» ሲል በነበረው ፊት። የኔታ ያን ጊዜ እግሩን አላዩለትም ነበር። አሁን አዩት። ጭቃ አለበት።

«የልጁ አጎት» አሉ።

«አጎት ማለት?» አለ ካፒቴኑ።

«የእናቱ ወንድም።»

«የእናቱ ወንድም ማለት ምን ማለት ነው?»

«እናቱ…» የኔታ በጭንቅ ዋጡ፤ «ወንድም አላት።»

ከተማሪዎቻቸው አንዱ ደበሎውን ፊቱ ላይ ሳበ። መምህሩ እንዲህ ሲዋረዱ አይቶ አያውቅም። ሸክላዋ ግን «የቶም አጎት» አለች፤ ካፒቴኑም ቅር እያለው ወደ ኋላው ተደገፈ።

የቀረው የመጨረሻው ነው። ስለ እሱ ማንም አልተጨነቀም።

«ውሻው የት ነው?»

የኔታ ደክመዋል። ራሳቸው ውስጥ የነበረው ወርቅ በሙሉ ተሟጦ፣ እንደ ታጠበ ገንቦ ባዶ ሆነዋል። በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ቃሉን ሳይገልጡ፣ ሳይቀምሱ፣ ፊት ለፊታቸው ማን እንዳለ እንኳ ሳያዩ፣ እንደተማሩት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው መለሱ።

«ውሻው ከጠረጴዛው ሥር ነው!»

የገበያው ዓይን በሙሉ ከየኔታ ወደ ጠረጴዛው ሄደ፤ ከጠረጴዛው ደግሞ ቀስ እያለ ወደ ሥሩ ወረደ። አድማሴ ጉልበቱን አቅፎ ተቀምጧል። በርበሬ ሻጯ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቀጠቀች። አንድ ሽማግሌ «አቤት! አቤት፣ የኔታ!» አሉ። ከዚያ በኋላ የገበያውን ሳቅ የሚያቆመው አልተገኘም።

የኔታ ደነገጡ። ምን አልሁ?

«ምን ያስቃቸዋል?» ካፒቴኑ ብድግ አለ።

አድማሴ ሲነሳ ጭንቅላቱን ከጠረጴዛው ጋር አላተመ። «ጌታዬ! አወጡት! ወርቁን አወጡት!»

«የቱን ወርቅ?»

«ውሻው ላይ ነው! ውሻው ላይ!»

«ታዲያ ውሻው ማነው?»

«ውሻው…»

አድማሴ ዙሪያውን ቃኘ። አማቱ አለች። የክርስትና አባቱ አሉ። በሬ የሚቀናጀው ባልንጀራው አለ። ሁሉም ሳቁን ውጦ ጆሮውን አቁሞ ይጠብቃል።

«ተናገር! ውሻው ማነው?» ካፒቴኑ ጠረጴዛውን መታ። አንዱ ወታደር ገመዱን ጨብጧል። ሲሳይነሽ ዓይኗን ጨፍናለች።

«በላ፣ አድማሴ» አለ ከሕዝቡ መሐል አንድ ድምፅ፣ ለስለስ አድርጎ። «ውሻው ማን እንደሆነ ንገራቸው። እኛም ከአፍህ እንስማው።»

አድማሴ እንደገና አማቱን አየ። ልጁን ለማሰቀል አንዲት ቃል ትበቃው ነበር። ቃሏ ግን «እኔ» ነበረች።

«ማንም አይደለም፣ ጌታዬ» አለ። «ውሻ ነው። እንዲያው ውሻ።»

«የት ነው ያለው?»

«ከ… ከጠረጴዛው ሥር።»

ካፒቴኑ መርፌዋን መለሰ። ሸክላዋም በጠራ እንግሊዝኛ ውሻው ከጠረጴዛው ሥር መሆኑን አረጋገጠች። መምህሩ፣ ባንዳውና ሸክላዋ ከተስማሙበት ነገር ውስጥ ካፒቴኑ የሚይዘው ጫፍ አጣ። ቢሰጥ ተፈታ። ማጫወቻውና ሸክላዋ ግን «ገና ይመረመራሉ» ተብለው ቀሩ።

የየኔታ መከራ የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የተቀኙት ተረስቶ «የጠረጴዛው ቅኔ» ከቡሬ እስከ ደምበጫ ወረደ። ተማሪ እሱን ብቻ ሊማር ከሩቅ አገር መጣ። አንድ መምህር ሦስት ወርቅ አወጡለት፤ ሌላው በሦስቱ ተጣልተው አራተኛ አወጡ። የኔታ «በጊዮርጊስ! ሰም ብቻ ነው! ውሻውን ነው ያልሁት!» ብለው ቢምሉ ሰው ሁሉ ይጠቅሳቸዋል። «እንዴታ፣ የኔታ። ጊዜው የጠላት ነው፤ ይደብቁት።»

በአገሩ የሚያምናቸው አንድ ሰው ብቻ ተገኘ።

«እኔ አምንዎታለሁ» አላቸው ቢሰጥ። «ጥያቄው ውሻው የት ነው የሚል ነበር። መልሱም እሱ ነው።»

«አንተ ብቻ ነህ የገባህ፣ ልጄ» አሉት የኔታ፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ። ከዚያ ወዲህ ወደ ገበያ ሲወርዱ ያለ እሱ አይወርዱም።

ዓመቱ ሲዞር እንግሊዝ ከሱዳን በኩል ጎጃም ገባ የሚል ወሬ ቡሬ ደረሰ። ባንዳ ሁሉ ቀስ በቀስ መሣሪያውን እየያዘ ይጠፋ ጀመር። አንድ ጠዋት የኔታና ቢሰጥ በምሽጉ አጠገብ ሲያልፉ ከካፒቴኑ መስኮት ድምፅ ሰሙ። መጀመሪያ ያቺ ሴት። ከዚያ ዝምታ። ከዚያ የካፒቴኑ ጎርናና ድምፅ፣ ተጠንቅቆ፣ እንደ ደንበኛ ተማሪ። ከዚያ እንደገና ያቺ ሴት።

የኔታ ቆሙ። «ምን አለችው?»

«ውሻው የት ነው አለችው።»

«እሱስ?»

«ከጠረጴዛው ሥር ነው አለ።» ቢሰጥ ጆሮውን ጣል አድርጎ አዳመጠና ራሱን ነቀነቀ። «እንግሊዞቹ ሲመጡ ሊያናግራቸው እየተለማመደ ነው። ጎበዝ ሆኗል፣ የኔታ። መልሱ ልክ ነው።»

«ልክ ነው» አሉ የኔታ፣ መስኮቱን አንዴ፣ ወደ ሱዳን የሚወስደውን መንገድ አንዴ አይተው። «አሁን ገና ወርቁ ገባው።»